ነፍስ ከፈለግህ በግ ግዛ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቴፕ ጠጋኙ ሱቅ ደጃፍ ሁለት ዱካ፣ አንድ የተገለበጠ የቢራ ሣጥንና አንድ ጀበና ይሰለፋሉ። ዱካዎቹ የተራቢና የተተራቢ ናቸው፤ ማን የትኛው ላይ እንደተቀመጠ ግን ቡናው በረካ እስኪደርስ አይታወቅም። ሣጥኑ የእኔ ነው። ሥራዬ ሰምቶ ማቀበል ነው።

ጠጋኙ ካቻቢቴውን ከጆሮው ላይ አያወርድም። ተከራካሪው ደግሞ ጆሮው ላይ ምንም አይሰካም፤ ጆሮው ራሱ ጌጥ ነው ባይ ነው። ለራሱ «ወርቅ ጆሮ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷል። ሰፈሩም አጽድቆለታል፤ ወርቁን እስካሁን የመዘነ የለማ። ሁለቱም ሃምሳ አምስትን ያለፉ፣ አብረው የተማሩ፣ አብረውም የወደቁ ናቸው።

ያን ቀን ወርቅ ጆሮ ሲዲ ማጫወቻውን እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፎ መጣ።

«ይዘላል» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ባለቤቱን አይቶ ነዋ! አንተ ከወሬ ወደ ወሬ ስትዘል ማን ፈትቶህ ያውቃል?»

«ቀልዱን ተወውና እየው። ለነገሩ እኔ ድሮም ሲዲ አይመቸኝም። ሲዲ ነፍስ የለውም።»

«ነፍስ ከፈለግህ በግ ግዛ! ፋሲካም እየደረሰ ነው።»

«ሸክላ ግን ነፍስ አለው።»

«ሸክላ ያለው አቧራ ነው። ያ ‹ቅጭ ቅጭ› የሚለው የዘፋኙ ነፍስ መስሎህ ነው ሠላሳ ዓመት እንባህን ስትጠርግ የኖርከው?»

አቦሉ ተቀዳ። ወርቅ ጆሮ ስኒውን ተቀብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮውን ከጠረገ ትምህርት እንደሚከተል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ስማ እንግዲህ። ሙዚቃ ወንዝ ነው፤ ይፈስሳል። ሲዲ ደግሞ ይህን ወንዝ በአንድ ሰከንድ 44,100 ቦታ ይቆራርጠዋል። የተቆራረጠ ወንዝ አይተህ ታውቃለህ?»

«በጀሪካን! ቤትህ የምትጠጣው እሱን ነው። ጉሮሮህ ላይ ሲደርስ እየተቆራረጠ ወረደ?»

ቡና ቀጂዋ ልጅ ሳቀች። ጠጋኙ ግን ካቻቢቴውን ከጆሮው አወረደ። ይኼ የምሩን ሊናገር ሲል የሚያደርገው ነው።

«ልብስ ሰፊ ዘንድ ስትሄድ ወገብህን ይለካል፣ ደረትህን ይለካል፣ የክንድህን ርዝመት ይለካል። በወገብና በደረት መካከል ያለውን ገላህን ጣት በጣት አይለካም። ታዲያ ኮቱ እንደ ፎቅ መወጣጫ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ወጣልህ? አልወጣም፤ የሰው ገላ በድንገት እንደማይዘል ሰፊው ያውቃላ። ሲዲም እንዲሁ ነው። ድምፁ ከመለካቱ በፊት ከ20 ሺሕ ኸርዝ በላይ ያለው መወዛወዝ ተጣርቶ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ በእነዚያ ነጥቦች ሊያልፍ የሚችለው መስመር አንድና አንድ ብቻ ነው። ማጫወቻው ያንኑ መስመር መልሶ ይስለዋል፤ ልስልስ አድርጎ፣ ያለ ደረጃ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ናይኵስት በ1928 መንገዱን ጠረገ፣ ሩሲያዊው ኮቴልኒኮቭ በ1933 አሳየ፣ አሜሪካዊው ሻነን በ1949 አጠናቀቀው። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። በእኛ ካሰላኸው ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ቀደም ብለው ነው የረቱህ።»

«ይሁን። ግን ‹ተጣርቶ ይቀራል› አልክ። ከ20 ሺሕ በላይ ያለውን ለምን ጣሉት?»

«ለማን ያስቀምጡት? ለሌሊት ወፍ? የሰው ጆሮ ጣሪያው 20 ሺሕ ነው፤ እሱም በልጅነት። ዕድሜ ሲገፋ ጣሪያው እየወረደ ይመጣል፤ በእኛ ዕድሜ 15 ሺሕ የሚሰማ ጥቂት ነው። ባለቤትህ ከጓዳ ስትጣራ አትሰማም፤ 22 ሺሕ ጎደለብኝ ብለህ ግን ሲዲን ያወጣውን ፊሊፕስን ትከስሳለህ!»

«የእሷንማ እየሰማሁ ነው የማልመልሰው።»

አንድ ለወርቅ ጆሮ። ጠጋኙም ነጥቡን አልካደም፤ ስኒውን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ።

ወርቅ ጆሮ በድሉ ተበረታታ። «እሺ፣ 44 ሺሑን ተቀበልኩ። 100ዋ ምንድን ናት? ምርቃት?»

«ምርቃትማ ከቴሌቪዥን ነው የመጣችው። ያኔ ይህን ሁሉ ቁጥር ችሎ የሚይዝ መቅጃ በየስቱዲዮው አልነበረም። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ምስል አስመስለው በቪዲዮ ካሴት ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። የጃፓንና የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሰከንድ 60 ጊዜ ይጠርግ ነበር፤ በየጥርጊያው 245 መስመር ለሥራ ይውል ነበር፤ በየመስመሩ 3 ናሙና ይቀመጥ ነበር። አባዛው።»

ወርቅ ጆሮ ስልኩን አውጥቶ አባዛ። 44,100።

«አሁን ደግሞ የኤውሮፓውን፤ በሰከንድ 50፣ መስመሩ 294፣ ናሙናው ያው 3።»

አባዛ። 44,100።

«ሁለቴም ያው!»

«አየህ፣ ስልክህ ካንተ ቶሎ ይገባዋል።»

«በጊዜው በኩል ረታኸኝ እንበል። በልኩስ? 16 ቢት ምን ይሆናል? 16 ሰው ለእድር እንኳ አይበቃም።»

«የእድር አባልማ አንድ ሲጨመር አንድ ነው። ቢት ግን አንድ ሲጨመር ያለው ሁሉ እጥፍ ይሆናል። 16 ቢት 65,536 ደረጃ ነው። ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት ያለው ስፋት 96 ዴሲቤል ይደርሳል። ሸክላህ በደህና ቀኑ 70 ገደማ ነው፤ ካሴት ከዚያም ዝቅ ይላል።»

«ፊሊፕስ ራሱ 14 ይበቃል ሲል አልነበር?»

ጠጋኙ ቅንድቡን አነሳ። ወርቅ ጆሮ አልፎ አልፎ ያነብባል ማለት ነው።

«ነበር። 16 ካልሆነ ብሎ ድርቅ ያለው አጋሩ ሶኒ ነው። ፊሊፕስ በእጁ ያለው መቀየሪያ ቺፕ የ14 ቢት ነበር፤ ሲረታ ግን ቺፑን አልጣለውም። በአራት እጥፍ ፍጥነት አሠራው፤ የሚተርፈውንም ስሕተት ጆሮ ወደማይደርስበት ከፍታ ገፋው። በ14 ሰው ድስት 16 እንግዳ አበላ ማለት ነው። ባለሙያ ሴት ታውቀዋለች፤ ዘዴው ቶሎ ቶሎ መጨለፍ ነው።»

«የሶኒውስ? ኦክቶበር 1982 ጃፓን የወጣው የመጀመሪያው ማጫወቻ ለግራና ለቀኝ ጆሮ አንድ መቀየሪያ ብቻ ነበር ያለው። በየተራ ነበር የሚያገለግላቸው!»

«እውነት ነው። አንዱ ጆሮ ከሌላው የሚዘገየው ግን ከሰከንድ መቶ ሺሕኛ እጅ ጥቂት ቢበልጥ ነው።»

«ቢሆንም ወረፋ ወረፋ ነው።»

«ለሲዲ ሲሆን ወረፋ ታከብራለህ! እዚህ ስትመጣ ግን የሰው ሁሉ ሬዲዮ ተቀምጦ ያንተ ነው ቀድሞ የሚፈታው።»

ወርቅ ጆሮ ይኼኛውን እንዳልሰማ አለፈው። የወርቅ ጆሮ አንዱ ጥቅም ይኼ ነው።

«እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነው» አለ። «ወደ 16 ቢት ሲያወርዱት ሆን ብለው ጫጫታ ይጨምሩበታል አሉ። ንጹሕ ነው እያሉ በሚሸጡት ነገር ላይ!»

«እናትህ ጤፍ ስትሰፍር ቁናውን ነቅነቅ ስታደርገው አላየህም? ካልተነቀነቀ እህሉ ባንድ ወገን ይቆለላል፣ ልኩም ይዋሻል። ይኼም ንቅናቄ ነው። ዘፈን ሲያልቅ ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄዳል አይደል? የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ላይ ሲደርስ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ይንገጫገጭና ይሰበራል። ከእስትንፋስ ያነሰች ጫጫታ ስትጨመርበት ግን ለስልሶ ይጠፋል። እንዲያውም ከመጨረሻው ደረጃ በታች የነበረችው ድምፅ ከጫጫታዋ ሥር ትሰማለች።»

«ስለዚህ ትንሽ ጫጫታ ይጠቅማል።»

«ትንሽ ነው ያልኩት። ስላንተ አላወራሁም።»

ቶናው ደረሰ። ጠጋኙ ከማጫወቻው ሆድ ውስጥ ሲዲውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ያዘው። ከድሮ የአዲስ አበባ ቅጂዎች የተሰበሰበው፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አንዱ ነው። የነአምሃ ሬከርድስና የነካይፋ ሬከርድስ ዘመን በዚህ ተከታታይ ነው ወደ ሲዲ የገባው።

«ይኸውልህ፣ ይኼን ራሱን እንካ» አለ ወርቅ ጆሮ። «ከዘፈኑ ኋላ ‹ሽ…› የሚል ነገር አለ። ሲዲ አበላሸው!»

«እሱ የቴፑ ሽሽታ ነው። ከሲዲው መወለድ በፊት ዐሥር ዓመት ያህል የተቀዳ ነው። ሲዲው ያገኘውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መሰከረ። ምስክር ለምን ዋሸህ ይባላል እንጂ ለምን አየህ ይባላል? ደግሞስ ፊሊፕስን ስትሰድብ ተጠንቀቅ፤ ያኔ በስሙ የአማርኛ ዘፈን ሸክላ ያሳትም ነበር። ነፍስ አለው የምትለው ሸክላና ነፍስ የለውም የምትለው ሲዲ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።»

«ወንድማማች ሁሉ አይመሳሰልም። ይኼኛው በጉድጓድ የተሞላ ነው። ጉድጓዱ 1፣ ሜዳው 0።»

«የመንገዳችንን ጉድጓድ መቁጠር ለምደህ ነው። ሲዲ ላይ 1 የሚባለው ጠርዙ ነው፤ ከሜዳ ወደ ጉድጓድ፣ ከጉድጓድም ወደ ሜዳ የሚሻገርበት ቦታ። በመካከል ዝም ብሎ የሚዘልቀው ሁሉ 0 ነው። ደግሞ ሙዚቃው እንዳለ አይጻፍም። በየ8 ቢቱ ይከፈልና እያንዳንዱ 8 ወደ 14 ይለወጣል።»

ወርቅ ጆሮ ከዱካው ሊነሣ ምንም አልቀረው። «8ን ወደ 14! ይኸው! አበላሹት አላልኩህም?»

«ስታገባ ስንት ሚዜ ነበረህ?»

«ስድስት።»

«በሚዜ ብዛት ሙሽራው ተለወጠ? 8ቱ ሙሽራ ነው፣ 6ቱ ሚዜ። ለምን መጡ ብትል፣ ሌዘሩ የሚያየው ጠርዝ ነው። ጠርዞቹ ከተጠጋጉ አንዱን ካንዱ አይለይም፤ ከተራራቁ ደግሞ ቆጠራው ይጠፋበታል። ስለዚህ ሕግ ወጣ፤ በሁለት 1 መካከል ከ2 ያላነሰ፣ ከ10 ያልበለጠ 0 ይኑር። 14 ቢት 16,384 ዓይነት ቃል ይሠራል። ሕጉን የሚያከብሩት 267 ብቻ ናቸው። ለሥራው የሚያስፈልገው 256። 11 ተረፈ፣ ሰርጉ ተሳካ። ይህን የቀመረው የሆላንዱ ሰው ስኩሃመር ኢሚንክ ነው። በአንዱ 14ና በሚቀጥለው መካከል ደግሞ 3 አጃቢ ይቆማል፤ በድንበሩ ላይም ሕጉ እንዳይጣስ። ሲነበብ አጃቢውም ሚዜውም ይሰናበታል፤ የሚቀረው ያው 8 ነው። አንዲት ቢት አልጎደለ፣ አንዲት አልተጨመረ። ሚዜ ድግሱ ሲያልቅ ቤቱ ይገባል።»

«ሁሉም አይገባም» አለ ወርቅ ጆሮ ረጋ ብሎ። «የእኔ አንዱ ሚዜ ይኸው ሠላሳ ዓመት እራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ሰክቶ።»

ቡና ቀጂዋ ረከቦቱን ይዛ ሳቀች። ሁለት ለወርቅ ጆሮ። ጠጋኙ ሲዲውን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ፣ ነገር እንደሚፈልግ ሰው መረመረው። አላጣም።

«ይኼ ጠርዙ ላይ ያለው አረንጓዴ ምንድን ነው?»

ወርቅ ጆሮ ወደ መንገዱ ዞረ።

«ማርከር ነው?»

«…ፈረንጆች በ1990 አካባቢ እንዲህ ያደርጉ ነበር። የሚበታተነውን የሌዘር ብርሃን ይውጣል፣ ድምፁንም ያጠራል ይላሉ።»

«ፈረንጅ ካለማ! ሌዘሩ ለዓይን የማይታይ ቀይ ወዲያ ያለ ብርሃን ነው፤ ያንተን አረንጓዴ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የሚነበበው ቁጥር እንደሆነ ወይ ተነበበ ወይ አልተነበበ ነው። ቀለም ቀብተህ ‹ይኼ 7 ይበልጥ 7 ሆነ› ማለት ትችላለህ? ወይስ ይበቅላል ብለህ ነው?»

ይኼን ብሎ ሲዲውን ገለበጠው። ከሥሩ እንደ ምጣድ አሰሳ ክብ ክብ የሆነ ጭረት አለ።

«በምን ጠረግኸው?»

«በሸሚዜ። እንዲህ እያዞርኩ።»

«ገዳይ! ትራኩ የሚዞረው እንዲሁ ነው፤ ከመሃል ወደ ውጭ፣ በዙርና በዙር መካከል 1.6 ማይክሮ ሜትር ብቻ። የአንድ ፀጉር ውፍረት ሃምሳ ያህል ዙር ይሸፍናል። እያዞርክ ስትጠርግ ጭረቱ ከትራኩ ጋር እኩል ይሄድና አንዱን ቦታ በረጅሙ ይበላዋል። ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገህ ብትጠርግ ግን ጭረቱ ትራኩን አቋርጦት ያልፋል፤ ከየዙሩ ትንሽ ትንሽ ቢነካ ነው። ትንሹን ደግሞ ዘበኛው ይችለዋል።»

«የምን ዘበኛ?»

«በየሰከንዱ ከሌዘሩ ሥር የሚያልፈው 4,321,800 ቢት ነው። ሙዚቃው ከዚያ ውስጥ 1,411,200 ብቻ። ሁለት እጁ ሚዜ፣ አጃቢና ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሪድና ሰለሞን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1960 ያወጡት ቀመር ነው። ቮየጀር የተባለችው መንኮራኩር ከዩራነስ ፎቶ ስትልክ በዚያው ቀመር ነበር የተማመነችው። ለ24 ባይት ሙዚቃ 8 ባይት መመርመሪያ ይመደባል፤ የጠፋው ስንት እንደነበር ከተረፈው ተሰልቶ ይገኛል።»

«አንድ ላይ ሁሉም ከጠፋስ?»

«ጥሩ ጠየቅህ። ቤተሰብ ሁሉ ባንድ አውቶቡስ አይሳፈርም ይባል የለ? ጎን ለጎን ያሉት ድምፆች ሲዲው ላይ ጎን ለጎን አይጻፉም፤ በየአውቶቡሱ ተበታትነው ነው የሚሄዱት። ጭረት አንዱን አውቶቡስ ቢገለብጥ ከእያንዳንዱ ቤት የሚጎድለው አንድ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ ቀመሩ ያውቀዋል። 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ትራክ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ የጠፋውን ቁልጭ አድርጎ ይመልሰዋል።»

«ከዚያ በላይ ሲሆንስ?»

ጠጋኙ ሦስት ጣቱን አወጣ። «መጀመሪያ ያርማል። ማረም ካልቻለ ግራና ቀኙን አይቶ መካከሉን ይገምታል። መገመትም ካቃተው ዝም ይላል። ማረም፣ መገመት፣ ዝም ማለት። ያንተ ማጫወቻ የሚዘልለው ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ሆኖበት ትራኩ ራሱ ስለጠፋው ነው። ሌንሱም በርበሬ ሲደለዝ አጠገቡ የዋለ ይመስላል።»

በጥጥና በአልኮል ሌንሱን ጠረገ። ወርቅ ጆሮ ግን ገና አልጨረሰም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ጠየቀ።

«ሁሉም እንዳልከው ይሁን። ታዲያ ያው አልበም፣ የድሮው የሲዲ ኅትመት ደስ ይለኛል። ‹እንደገና ታድሶ› የሚለው ግን ግማሹ ላይ ያደክመኛል። ያው 16 ቢት፣ ያው 44,100። ጆሮዬ ነው የሚዋሸው?»

ጠጋኙ ወዲያው አልመለሰም።

«እዚህ ላይ ጆሮህ ልክ ነው» አለ። «በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ቡና ቤቶች አስብ። አንዱ ሞንታርቦውን ከፍ ሲያደርግ ሌላው ይጨምራል፤ በመጨረሻ ማንም ማንንም አይሰማም። ከ1990ዎቹ ወዲህ በሲዲም የሆነው ይኼ ነው። ሹክሹክታው ወደ ላይ ተጎተተ፣ ጩኸቱ ጣሪያ ነክቶ ጫፉ ተቆረጠ። የሮክ ባንዱ የሜታሊካ ‹ዴዝ ማግኔቲክ› አልበም በ2008 ሲወጣ አድናቂዎቹ ራሳቸው ሲዲው ተሰነጣጠቀብን ብለው ፊርማ አሰባሰቡ፤ ለቪዲዮ ጨዋታ የተዘጋጀው ቅጂ እንኳ የተሻለ ትንፋሽ ነበረው። 96 ዴሲቤል የሚያህል አዳራሽ ተሠርቶላቸው፣ ሁሉም ጣሪያው ሥር ተጠጋግተው ቆሙ። አዳራሹን ማን ይወቅሳል?»

እኔም ከሣጥኔ ላይ አፌን ከፈትኩ። «ጋሼ፣ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ‹ኦሪጅናል› ተብሎ የገዛሁት ሲዲ ነበረኝ። ድምፁ ከበርሜል ውስጥ ይመጣ ነበር።»

«ከፍላሽ የተገለበጠ ይሆናላ! ኤምፒ3 በ128 ኪሎ ቢት ሲሠራ ከሲዲው 11 እጅ አንዱን ብቻ ነው የሚያስቀረው፤ በጎላ ድምፅ ተሸፍኖ አይሰማም ያለውን እየመረጠ ይጥላል። ሰፋ አድርገው ቢሠሩት አንተም ባላወቅህ። ሲያጠቡት፣ ኤምፒ3ውን ደግሞ መልሰው ኤምፒ3 ሲያደርጉት ነው የድራሙ ሲምባል እንደሚጠበስ ሽንኩርት የሚንጫጫው። ከዚያ ያንኑ ሲዲ ላይ በሙሉ ልኩ ይጽፉታል። የተጣለው ግን አይመለስም። አምስት ኪሎ ጤፍ በሃምሳ አምስት ኪሎ ጆንያ፤ የቀረው ገለባ። አንተም ጆንያውን መዝነህ ገዛህ።»

ለእኔ የደረሰኝ ይኼ ነው። ሣጥን ላይ የተቀመጠም ከተረብ አያመልጥም።

«አየህ!» አለ ወርቅ ጆሮ። «ኮፒ ሁሉ እንዲህ ነው። ከኦሪጅናሉ ሲገለበጥ ቤዙ ይሳሳል።»

«የስልክ ቁጥርህን ደብተሬ ላይ ብገለብጠው ስትደውል ድምፅህ ይቀጥናል? ቁጥር በትክክል ከተገለበጠ ያው ቁጥር ነው።»

«እለያለሁ አልኩህ!»

«በቡናው ሂሳብ?»

«በቡናው ሂሳብ!»

ጠጋኙ ጭረት የሌለበት ኦሪጅናል አመጣ፤ ቢት በቢት የተገለበጠ ኮፒውንም አመጣ። ከመጋረጃው ኋላ እኔ ቆምኩ። ባለ አንድ ብር ሳንቲም እያጦዝኩ፣ አንበሳው ሲወጣ ኦሪጅናሉን፣ ሚዛኑ ሲወጣ ኮፒውን እከታለሁ። ዐሥር ጊዜ። ወርቅ ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ይኼ ኦሪጅናል… ይኼ ኮፒ፣ ሳሳ አለ…» ይላል። ቡና ቀጂዋ በከሰል ግድግዳው ላይ ትጽፋለች።

ውጤቱ በረካው ሲቀዳ ታወቀ። ከዐሥር አምስት።

«አምስቱን አገኘሁ!» አለ ወርቅ ጆሮ።

«ሳንቲሙም ቢጠየቅ አምስት ያገኝ ነበር። እሱ ግን ወርቅ ነኝ አላለም።»

«ከዐሥር አምስት ማለፊያ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን 50 ያመጣ ያልፍ ነበር።»

«አንተማ ያኔም በግምት ነው ያለፍከው። አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም። ሜየርና ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን በ2007 ውጤቱን ባሳተሙት ሙከራ፣ እንደ ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ ያሉ ከሲዲ የበለጠ ዝርዝር የያዙ ቅጂዎችን አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ በ16 ቢትና በ44,100 አሳልፈው ለሰዎች አሰሙ። 554 ጊዜ ተሞከረ። በትክክል የተለየው 276 ጊዜ። ሳንቲም ቢሆን 277።»

ወርቅ ጆሮ ዝም ብሎ አሰበ። «ሳንቲም በአንድ በለጠን ማለት ነው?»

«ክብሩማ ድሮም የሳንቲም ነው። የሲዲው ቀዳዳ ራሱ 15 ሚሊ ሜትር የሆነው በሆላንድ ዐሥር ሳንቲም ልክ ነው ይባላል።»

ማጫወቻው ተገጠመ፣ ሲዲው ገባ። አልዘለለም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ፣ ወርቅ ጆሮ በሸሚዙ የፈጀው ቦታ ሲደርስ፣ ድምፁ ለአፍታ ዝም አለና ቀጠለ። ጠጋኙ ጣቱን አነሳ።

«ሰማህ? ማረም አቃተው፣ መገመትም አቃተው፣ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ጨዋ ዕቃ ነው ነፍስ የለህም ብለህ የምትሰድበው። ከሱ ተማር። አንተ ሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ መገመት ላይ ይኸው ሠላሳ ዓመት ቆመህ ቀርተሃል።»

ወርቅ ጆሮ የቡናውን ሂሳብ ቆጥሮ ረከቦቱ ላይ አኖረ። ማጫወቻውን ታቀፈ። ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ዞረ።

«እኔስ ሁለተኛው ላይ ደርሻለሁ» አለ። «ሦስተኛው እንዳለ የሰማሁት ግን ዛሬ ካንተ አፍ ነው፤ አንተም እስካሁን ስትደርስበት አላየሁህም።»